በጭስ ያረጀችው መርከቤ

አጎቴን "እሱ" እያልኩ መጻፌን እናቴ ብታይ ትቆጣለች። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። ዕድሜዬን ሙሉ "ጋሼ" እና "እርስዎ" ስለው ኖሬያለሁ። አሁን አልልም። ለምን እንደማልል ልንገራችሁ።

ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ላሊበላ የተመለስኩት ዓምና ነው። የተማርኩት የእንጨት ሥራ ቴክኖሎጂ ነው። ይህን ስናገር ሰፈር ውስጥ ሳቁን የሚይዝ የለም። "አናጢ ለመሆን አራት ዓመት?" አለችኝ አንዷ ጎረቤታችን። "አጎትሽ ዘንድ ብትቀመጭ እኮ በአራት ወር ያስጨርስሽ ነበር!"

አጎቴ እንጨት ጠራቢ ነው። መስቀል ይፈለፍላል፣ ሥዕል የሚቀመጥባቸው ባለ ክዳን ሣጥኖች ይሠራል። ወደ ቤተ ክርስቲያኖቹ በሚወስደው መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ አለችው። ጓሮው ውስጥ ደግሞ የሚሠራባት የቆርቆሮ ክፍል አለች።

ሥራ ስፈልግ ከርሜ፣ ወልድያ ያለ አንድ የሙያ ኮሌጅ ረዳት አሠልጣኝ እንደሚቀጥር ሰማሁ። ተወዳዳሪው በገዛ እጁ፣ ጣውላ በመገጣጠም የሠራውን አንድ ነገር ይዞ ይቅረብ ይላል ማስታወቂያው። ሌላው ሁሉ ወንበር ተሸክሞ እንደሚመጣ ታየኝ። እኔ መርከብ ይዤ ልሄድ ወሰንኩ። ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ ግን አንድ አስተማሪያችን የመርከብ ሆድ በቀጫጭን ጣውላ ማልበስ የቻለ ሰው ወንበር አያስቸግረውም ብሎን ነበር። ምክንያቱም መርከብ ላይ ቀጥ ያለ ነገር የለም። እያንዳንዷ ጣውላ ወደ ጎንም ወደ ታችም ትጎብጣለች፣ ጫፏ ላይ ደግሞ ትጠባለች። የአሠልጣኝነቱን ሥራ ፈልጌዋለሁ። ኮሌጁ ያቺን መርከብ አይቶ እንዲቀጥረኝ ነበር የምፈልገው። ሌላ ምንም አልነበረኝም።

ፕላኑን ከኢንተርኔት አውርጄ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት በስምንት ወረቀት አሳትሜ በፕላስተር ቀጣጠልኩት። መርከቧ የክንዴን ያህል ትረዝማለች። ከኮምፔርሳቶ አንድ አከርካሪ ቆርጬ አሥራ አንድ የጎድን አጥንት ተከልኩባት። ሥጋው ተበልቶ የቀረ ዓሣ መሰለች። እስከዚህ ድረስ ቀላል ነበር።

ከዚያ አጎቴ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ማልበስ ጀመርኩ። ዋንዛ አሰንጥቄ ነበር፤ ስፋቱ የጣቴን ያህል፣ ውፍረቱ እንደ ካርቶን የሆነ። እኔ ደግሞ መጠበቅ የሚባል ነገር አላውቅም። ከግራ ጎኗ ጀምሬ ኮላ እየቀባሁ፣ አንዱን ጣውላ ካንዱ ሥር እየደረደርኩ፣ በሁለት ቀን ግራውን ጨረስኩት። ቀኙን ነገ እሠራለሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ጠዋት ስመጣ ኮላው ደርቆ አከርካሪዋን ወደ ግራ ጎትቶ አጣሞታል። አፍንጫዋ ወደ ሰሜን ቢያይ፣ ቂጧ ወደ ምሥራቅ ነው።

አጎቴ አነሳት። ወዲህ አዟዟራት፣ ወዲያ አዟዟራት።

"መርከብ ነበር ያልሽኝ?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ይሄ ሙዝ ነው።"

ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም።

"ቆይ ግን፣" አለ ስቆ ሲጨርስ፣ "ይሄ ሁሉ ቁርጥራጭ ምን ያደርግልሻል? አንድ ጉማጅ ልስጥሽና ፈልፍለሽ አታወጫትም? እዚህ አገር ተወልደሽ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ እንዴት እንደተሠራ እያየሽ!"

"ኮሌጁ ያለው መገጣጠም ነው። መፈልፈል አይደለም።"

"እንግዲያስ አፍርሻት። ጠማማ ላይ ጠማማ አትጨምሪ።"

አፈረስኳት። እሱም አብሮኝ አፈረሰ። እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ስድስት ሳምንታት እንደ አጎቴ የረዳኝ ሰው የለም። ጣውላ ገጥሞ አያውቅም፤ እንጨት ግን ያውቃል። ጣውላዎቹን የፈላ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ እሳት ላይ በጋለ የብረት ቧንቧ ዙሪያ ቀስ አድርጎ ሲያጎብጣቸው አንድም አይሰበርበትም ነበር። እኔ ስሞክር ሦስቱን ሰበርኩ። "አትታገይው እንጂ! ዱላ ነው የያዝሽ?" ይለኛል። አራተኛው ታዘዘልኝ። ከዚያ በኋላ እኔ አጎብጣለሁ፣ እሱ መስቀሉን እየጠረበ በዓይኑ ይከታተላል።

በሁለተኛው ሙከራ አንድ ከግራ ካደረግኩ አንድ ከቀኝ አደርጋለሁ። እያንዳንዱን የጎድን አጥንት በእርሳስ እኩል እኩል ከፋፈልኩ፤ ሆዷ ላይ የሚሰፋው ክፍፍል አፍንጫዋ ላይ ስለሚጠብ እያንዳንዷን ጣውላ ጫፏን በመላጊያ አቀጥናለሁ። ኮላው እስኪይዝ በልብስ መቆንጠጫ እይዛለሁ። እናቴ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ አንድም መቆንጠጫ አታገኝም። "መርከብሽ ልብስ ለበሰች፣ እኛ ራቁታችንን ልንቀር ነው" ትለኛለች። በቀን አራት ጣውላ ከሄደልኝ ጥሩ ቀን ነው። በመጨረሻ ግራና ቀኙ ተገናኝተው መሃል ላይ አንዲት ቀጭን ክፍተት ቀረች፤ ለእሷ የሚሆን ጣውላ ሰባት ጊዜ ቆርጬ በሰባተኛው ገባ። ስትገባ ጠቅ አለች። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ድምፅ አልሰማሁም።

ከዚያ ቀዳዳዎቹን በሰጋቱራና በኮላ ደፈንኩ። በብርጭቆ ወረቀት መጀመሪያ በሻካራው፣ ቀጥሎ በመካከለኛው፣ በመጨረሻ በለስላሳው ፈተግኩ። ዓይኔን ጨፍኜ በመዳፌ ስዳስሳት መጋጠሚያው የት እንዳለ አይታወቅም። ዓይኔን ስገልጥ ግን እያንዳንዱ መስመር ይታያል። ጣውላው ቀይ ቡኒ ነው፣ መስመሮቹ ከአፍንጫዋ ተነስተው ሆዷ ላይ ይሰፉና ወደ ኋላ መልሰው ይሰበሰባሉ። ወለሉን አለበስኩ። ምሰሶ ገና አልተከልኩም። የቀረው እሱና ቫርኒሽ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ጭሱ መናገር አለብኝ። አጎቴ አዲስ መስቀል ያስረጃል። ብቻውን አይደለም፤ ብዙዎቹ ያደርጉታል። ሊጎበኝ የመጣ እንግዳ አዲስ ነገር አይወድም። ስለዚህ የተጠረበው እንጨት ጓሮ ባለው በርሜል ውስጥ ይንጠለጠልና ከሥሩ እርጥብ ቅጠልና ኩበት ይጨሳል። ሲጠቁር ቅቤ ይቀባል። በጋለ የጃንጥላ ሽቦ ብል የበላው የሚመስል ቀዳዳ ይበሳበታል፤ ከቤተ ክርስቲያን የወጣ እንዲመስል ጧፍ ይንጠባጠብበታል። ሃይስኩል እያለሁ ጧፉን የማንጠባጥበው እኔ ነበርኩ። ጎበዝ ነበርኩ። እንግዳው መስቀሉን አሽትቶ ዓይኑን ሲጨፍን፣ እኔና አጎቴ ከመጋረጃ ጀርባ ሆነን በሳቅ እንሞታለን። ስለዚህ ንጹሕ ነኝ አልልም።

የኮሌጁ ፈተና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሙጃ ከተማ የእናቴ አክስት ተዝካር ሆነ። እናቴ ጉልበቷን ስላመማት እኔ በእሷ ፈንታ እንድሄድ ተባለ። አጎቴ ሥራ አለብኝ ብሎ ቀረ። ከመሄዴ በፊት የመጀመሪያውን ቫርኒሽ ልቀባት ብሩሹን ሳነሳ ያዘኝ።

"አሁን ቀብተሽ ብትሄጅ አቧራ ይለጠፍባታል። ስትመለሽ ትቀቢያታለሽ።"

"በዚህ ጨርቅ ብሸፍናትስ?"

"ጨርቁም ይለጠፋል። እኔ አለሁ አይደል? እጠብቃታለሁ። ሂጅ።"

የባለሙያ ምክር መሰለኝ። ያልተቀባ እንጨት ጭስ እንደሚጠጣ እያወቅኩ አልጠረጠርኩም። አጎቴን እንዴት እጠረጥራለሁ?

ሙጃ አምስት ቀን ቆየሁ። ስመለስ ከመኪና እንደወረድኩ ቤት እንኳ ሳልገባ፣ ቦርሳዬን እንደተሸከምኩ ወደ ቆርቆሮ ክፍሉ ሄድኩ። መደርደሪያው ላይ የለችም። ጠረጴዛው ላይ የለችም። ወደ ጓሮ ወጣሁ። በርሜሉ ትኩስ ነው።

ወደ ሱቁ ሮጥኩ።

ሱቁ ውስጥ ሁለት እንግዶች ነበሩ፤ ባልና ሚስት ይመስሉኛል፣ ጠና ያሉ። አብሯቸው ያለው አስጎብኚ ከእኔ ጋር ሃይስኩል የተማረ ልጅ ነው። አጎቴ ዝቅተኛ ወንበር ላይ ተቀምጧል። መሃላቸው ቀይ ጨርቅ ተነጥፎ፣ ጨርቁ ላይ አንዲት ጥቁር ነገር ተቀምጣለች። ሦስት እርምጃ እስክቀርብ ድረስ አላወቅኳትም። ወለሏ ላይ ጧፍ ተንጠባጥቧል። ሆዷ ላይ ብል በልቷታል። ስድስት ሳምንት የለፋሁበት መስመር በጥላሸትና በቅቤ ተደፍኗል።

አስጎብኚው በእንግሊዝኛ ይተርካል። የኖኅ መርከብ ናት ይላል። እዚህ ተራራ ላይ ዋሻ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ አንድ መነኩሴ በሱባዔ ላይ ሆነው ከአንድ ግንድ ፈልፍለው አወጧት፤ ሁለት መቶ ዓመት ሆኗታል፤ ቤተ ጊዮርጊስን ያያችሁ ጊዜ የኖኅ መርከብ ምሳሌ ነው ብያችሁ አልነበር? ሴትዮዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ትሰማለች።

"ከአንድ ግንድ?" አልኩ። በእንግሊዝኛ ነው ያልኩት። "አርባ ዘጠኝ ጣውላ አለባት። እኔ ነኝ የሠራኋት። ገና ሁለት ወር አልሞላትም።"

ሁሉም ዞሩ። አስጎብኚው ዓይኑን አጉረጠረጠብኝ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ በአማርኛ "አንቺ፣ ምን ሆነሻል? ውጪ!" አለኝ። ስልኬን አውጥቼ ለሴትዮዋ ፎቶዎቹን አሳየኋት። አጥንቷን፣ ግማሽ የለበሰችዋን፣ ተፈትጋ ያለቀችዋን። ሴትዮዋ መነጽሯን አውርዳ አየች፤ መርከቧንም አየች።

አስጎብኚው ግን ልምድ አለው። ሳቀ። "ልጅቷ የሳቸው ዘመድ ናት፣ ተማሪ ናት" አላቸው። "ይቺን እያየች ኮፒ ሠርታለች። ፎቶው የኮፒው ነው።"

"ውሸት ነው! ጠይቋቸው!" አልኩ። አጎቴን ማለቴ ነው። ያን ጊዜ በልቤም ገና "እሳቸው" ነበር የምለው። እሱ እውነቱን ከተናገረ ያልቃል ብዬ ነው። አጎቴ እንግሊዝኛ አይችልም፤ የሚተረጉምለት የለም እንጂ ቢሰማ እንደዚህ ዝም አይልም ብዬ አስቤ ነበር።

ሴትዮዋ አስጎብኚውን ጠይቅልኝ አለችው። እሱም፣ "ጋሼ፣ ይቺ መርከብ የሷ ሥራ ናት ወይ ይሉዎታል" አለው።

አጎቴ ቀና ብሎ አላየኝም። ቀዩን ጨርቅ ጫፉን እያስተካከለ፣ "የሷማ ኮፒዋ ነው" አለ። "ይችን እያየች ነው የሠራች።"

ሴትዮዋ ትከሻዬን ነካ ነካ አድርጋ ተሰጥኦ አለሽ፣ ኮፒ ማድረግሽን ቀጥይ አለችኝ። ከልቧ ነው ያለችው። መስደብ አልቻልኩም።

ዋጋ ተቆረጠ፤ አጎቴ የማረጋገጫ ወረቀት ጥራዙን አወጣ። እንግዳ ዕቃ ገዝቶ ሲወጣ ኤርፖርት ላይ ቅርስ ነው ተብሎ እንዳይያዝበት፣ ሱቆቹ አዲስ የእጅ ሥራ ነው የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ይሰጣሉ። አጎቴ በእስክሪብቶ ሲሞላ ከፊት ለፊቱ ቆሜ ጽሑፉ ተገልብጦ እየታየኝ አነበብኩ። የዕቃው ዓይነት፣ የእንጨት መርከብ። አዲስ። ቀጥሎ "ሠሪው" የሚል መስመር አለ። እዚያ ላይ የራሱን ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ጻፈ።

ለእንግዳዋ ያለውን ነገር የምቀበልበት መንገድ ባገኝ እንኳ ይህንን አልችልም። መነኩሴው ውሸት ነው፤ ሁላችንም የምናውቀው የኖረ ውሸት ነው። እዚያች ወረቀት ላይ ግን እውነቱ ሊጻፍ ነበር። አዲስ ናት፣ ሰው ሠርቷታል ተብሎ ሊጻፍ። እውነት የሚጻፍበት አንድ መስመር ሲገኝ እሱ ገባበት።

ወረቀቱን ከእጁ ነጥቄ ለሴትዮዋ ተረጎምኩላት። "አዲስ ይላል። እዩት፣ አዲስ ተሠራች ብሎ ራሱ ፈርሟል።"

አስጎብኚው ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ "ለኤርፖርት ነው፤ ለሁሉም እንደዚያ ነው የሚጻፈው" አላት። ሴትዮዋ ባሏን አየችው፣ ባሏ አያት፤ ሁለቱም እንደ ልጅ ሳቁ። የእውነት አሮጌ ነገር ከአገር ደብቃ የምታወጣ ስለመሰላት ደስ አላት። ወረቀቱን ከእጄ ቀስ አድርጋ ወስዳ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። መርከቤን በሹራብ ጠቅልለው ወሰዷት።

ብቻችንን ስንቀር አጎቴ መጀመሪያ የተናገረው፣ "እንግዳ ፊት አዋረድሽኝ" የሚል ነው።

"ለምን?" አልኩት።

"ስንት ጊዜ ነው ሰው ሳይረግጠን የከረምን? መስቀሉን ማን ያየዋል፣ ሁሉም ሱቅ መስቀል አለው። ያቺን ያዩ ጊዜ ቆሙ። አንች ሌላ ትሠሪያለሽ። እጅሽ አለ፣ እንጨቱ አለ። እንግዳው ግን ሂዶ አይመለስም።"

"ፈተናዬ በስምንት ቀን ውስጥ ነው። ታውቃለህ። በስድስት ሳምንት የሠራኋትን በስምንት ቀን አልሠራትም፣ ይህንንም ታውቃለህ። ቫርኒሽ አትቀቢ ያልከኝ አንተ ነህ።"

"አንተ" እንዳልኩት የገባኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው። አልመለስኩትም። እሱ ፊቱ ተለዋወጠ። ቤት ስደርስ እናቴ ቀድማ ሰምታለች። ስለ መርከቧ ግማሽ ደቂቃ አዘነች፣ ስለ "አንተ" ግን እስከ እራት ድረስ ተቆጣችኝ። "ታላቅሽን! ያሳደገሽን!" እያለች።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታችን ሊያስታርቁን እቤት መጡ። አጎቴም መጣ፤ አዲስ ነጠላ ለብሷል። አባ ሁለታችንንም ሰሙ። እኔን፣ "ልጄ፣ ምን ቢደረግልሽ ልብሽ ይረጋል?" ብለው ጠየቁኝ።

"አንድ ነገር ብቻ ነው፣ አባታችን። መርከቧን የሠራችው እሷ ናት ብሎ በወረቀት ይጻፍልኝና ይፈርምልኝ። ለኮሌጁ የማሳየው።"

"ይሄማ ቀላል ነው" አሉ አባ ወደ እሱ ዞረው።

አጎቴ የነጠላውን ጫፍ አስተካከለ። "አልችልም፣ አባታችን" አለ። "የኤርፖርቱ ወረቀት ላይ እኔ ሠራሁ ብዬ ፈርሜ ቀሪው ጥራዙ ውስጥ ነው። ነገ ሌላ ወረቀት ላይ እሷ ናት ብል፣ አንዱ ካንዱ ጋር ቢገናኝ ሱቄን ማን ያምነዋል?"

"እኔስ?" አልኩ። "እኔን ማን ያምነኛል?"

"አንችማ ወጣት ነሽ።"

አባ መስቀላቸውን አወጡና ተሳሳሙ አሉን። መስቀሉን ተሳለምኩ። አጎቴ ጉንጩን ሲያቀርብልኝ ወደ ኋላ አልኩ። እናቴ ራሷን ያዘች።

ወልድያ የሄድኩት አሥራ ሁለት ፎቶ አሳጥቤ ነው። አዳራሹ ውስጥ እንደገመትኩት ወንበር በወንበር ነበር፤ አንድ ልጅ ቁም ሣጥን ሳይቀር አምጥቷል። ተራዬ ሲደርስ ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ፈታኙ ደግ ሰው ናቸው። አንድ በአንድ አነሷቸው። ጣውላው ለምን እንዳልተጣመመ፣ ጫፉን በምን እንዳቀጠንኩ ጠየቁኝ፤ ሁሉንም መለስኩ። ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰሙኝ ነበር። ተሳክቶልኛል ብዬ ትንፋሼን ለቀቅኩ።

ከዚያ አንዱን ፎቶ ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩት። ከሁሉም የምወደው እሱ ነው፤ ጣውላው በጋለው ቧንቧ ዙሪያ ሲጎብጥ ያነሳሁት።

"ይሄ እጅ የማን ነው?"

አየሁት። ጣቶቹ ወፍራም ናቸው፣ አንዱ ጥፍር ጥቁር ነው። ለካ ካሜራውን የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ፣ እኔ የምሠራበት አንድም ፎቶ የለኝም። እጅ የሚታይባቸውን ሁለት ሌሎች ፎቶዎችም አየኋቸው። በሦስቱም ላይ ያሉት የእሱ እጆች ናቸው።

"የአጎቴ ነው" አልኩ። "ያስተማረኝ ጊዜ ነው። ሥራው ግን የኔ ነው።"

"እሳቸው ይህንን ሊመሰክሩልሽ ይችላሉ?"

"አይችሉም።"

ፈታኙ ለምን ብለው አልጠየቁኝም። ፎቶዎቹን ሰብስበው፣ ጫፋቸውን አስተካክለው መለሱልኝ። "መልስሽ ጥሩ ነው። ዕቃውን ሳናይ ግን ነጥብ መስጠት አንችልም። በሚቀጥለው ቅጥር ሥራሽን ይዘሽ ነይ" አሉኝ።

መናኸሪያ ቁጭ ብዬ መኪና ስጠብቅ ስልኬ ጠራ። አጎቴ ነው። አላነሳም ብዬ ነበር፣ አነሳሁት።

"እንዴት ሆነልሽ?" አለ። ድምፁ ውስጥ እውነተኛ ጭንቀት ነበር፤ ያ ነው የባሰ ያናደደኝ።

"እጅህን አይተው ጠየቁኝ" አልኩት። "የማን ነው አሉኝ። የአንተ ነው ብዬ እውነቱን ነገርኳቸው።"

ሰው የሚጠራራበት ጩኸት ከወዲያ በኩል ይሰማኛል፤ ሱቁ ውስጥ ነው መሰለኝ። የሆነ ነገር ይላል ብዬ ጠበቅኩ። መኪናው ሲመጣ ስልኩን ዘግቼ ተሳፈርኩ።